ትርፍ የጥርስ ብሩሽ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እግርሽስ? ወገብሽስ? እንቅልፍሽስ? እስከ ዛሬ ጤናሽን በጅምላ ነበር የምጠይቅሽ፤ ዛሬ በችርቻሮ ጠየቅኩሽ። ምክንያቱን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ክሊኒኩም እንደ ድሮው ነው፤ ጠዋት ሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሆድ ቁርጠት። ያስቸገረኝ ናፍቆትሽ ነው። ንዴትም አለብኝ፤ የሁለቱም ምክንያት አንቺው ነሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። በስልክማ አንቺን ማን ችሎሽ! ወሬው ጠበቅ ሲል መስመሩ ይቆራረጣል፣ ድምፅሽ ይርቃል፣ በር ይንኳኳብሻል። ያ በር እኔ ጥያቄ ስጠይቅ ብቻ የሚንኳኳው ለምንድን ነው? ደብዳቤ ግን ዘግተሽብኝ የምትሄጂበት ነገር አይደለም። መነጽርሽን አድርጊና ወንበርሽ ላይ ደገፍ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ወንበርሽ ላይ ያልኩት አውቄ ነው።

እንደምታውቂው ለውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ሁለት ሆስፒታሎች ተቀብለውኛል፤ የቱን እንደምመርጥ በዚህ ሳምንት ማሳወቅ ነበረብኝ። አንደኛው እዚያ ሩቅ፣ ሙሉ ቀን በመኪና የሚያስኬደው ነጩ ሕንፃ ነው። ሁለተኛው ከቤታችን በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ላይ ያለው፣ አንቺ የሌሊት ነርስ ሆነሽ ዕድሜሽን የፈጀሽበት ጡብ ቤት። ጓደኞቼ ስም ያወዳድራሉ፣ የማሽን ብዛት ያወዳድራሉ። እኔ ያወዳደርኩት የዲዩቲ ሰሌዳቸውን ነው። ሌሊት ስንቴ ሆስፒታል እንደማድር፣ ስንቴ ቤቴ እንደማድር። ሥልጠናው ዓመታት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሰው ሆኜ መውጣቴን የሚወስነው እሱ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ የራሴ እንቅልፍ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የነጩ ሰሌዳ በቀለም ተሽሞንሙኖ ነው የመጣልኝ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሬዚደንት በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ያድራል፤ በማግስቱ ሙሉ ዕረፍት። የቀረውን ሌሊት የሚሸፍን ሌላ ቡድን አለ ይላል። የጡብ ቤቱ ደግሞ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው፤ በየአራት ቀኑ አንድ ሌሊት፣ አራት ነጥብ። ሰላምታ እንኳ የለውም።

ማንም ጤነኛ ሰው ነጩን ይመርጣል። እኔ ግን ያንቺ ልጅ ነኝ። ይቺ ልጅ ከማህፀን ስትወጣ አዋላጇን መታወቂያ ጠይቃለች እያልሽ ለጎረቤት ስትስቂብኝ ነው ያደግኩት። ሳቂ፣ ግድ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያለው ሰው የሌሊት ተረኛ የነበረ ሰው መሆን አለበት። ደግሞ ጥርጣሬውን ያስተማረኝ ማን ሆነና? ሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ ምን አልሽኝ? የሌሊት ተራን ከሰሌዳ ላይ እንዳታነቢ፤ የዲዩቲ ክፍል ገብተሽ የጥርስ ብሩሽ ቁጠሪ። ሰሌዳውን የሚጽፈው አለቃ ነው፣ ብሩሹን የሚያስቀምጠው ግን ያደረ ሰው ነው። አላልሽም? ብለሻል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለሻል።

እናም መጀመሪያ ነጩን ሄጄ አየሁት። ሲገቡ መስታወት፣ ሲወጡ መስታወት፤ ያገኘሁት ሁሉ ፈገግ ይላል። ጠዋት በሥራ ሰዓት፣ ያውም በሽተኛ እየጠበቀው፣ ይሄን ያህል የሚስቅ ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ? አልጣመኝም። የክፍሉ ኃላፊ ሰሌዳውን በትልቅ ስክሪን ላይ አሳዩንና እኛ ዘንድ ሰው አይደክምም አሉ። የዲዩቲ ክፍሉን ማየት ይቻል ይሆን ብላቸው አሁን እየተጸዳ ነው አሉኝ። ሽንት ቤት ፍለጋ መስዬ በኮሪደሩ ዞሬ ገባሁ።

አልጋው መሐሉ ጎድጉዷል። በሰሌዳው መሠረት በቀን ሁለት ተረኛ ነው ያለው፤ ኩባያው ውስጥ ግን ስምንት የጥርስ ብሩሽ ታጭቆ አገኘሁ። አንድ ልጅ እግር ሬዚደንት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን በፀጉር ማድረቂያ ያደርቃል። እኩለ ቀን ላይ! ተረኛ ነህ ወይ ብለው፣ አይ፣ እኔ ዛሬ እዚህ የለሁም አለኝ። ታዲያ የት ነህ ስለው፣ በሰሌዳው ቤቴ ነኝ አለኝ። ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሌላው ቡድን የሚባለው እኛው ነን፣ ያደርነውን ሰዓት በእውነት የጻፈ ሰው ጊዜውን መጠቀም የማይችል ተብሎ ይጠራል፣ አደራሽን እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ አለኝ። ይህን ሲለኝ ዓይኖቹ ቆመው እየተኙ ነበር።

ከዚያ ስደውልልሽ ምን ሆነ? ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ነጩን ያዢ አልሽኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! እኔ ወሬውን አልጀመርኩትም እኮ። ጡብ ቤቱ ሌሊቴን በላው፣ ያንቺንም እንዲበላው አልፈልግም አልሽ። እሺ፣ ይሄ ያባት ነው። ግን ስምንቱን ብሩሽ ስነግርሽ ምን አልሽ? ዛሬ ዛሬ ሰው ምሳ በልቶም ጥርሱን ይፋቃል አልሽኝ። እንዴ! እማዬ! አንቺ! የራስሽን ቃል እንዲህ ስትክጂ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰሌዳ የማታምን ሴት ሰሌዳ አምና ልጇን ሩቅ አገር ስትሸኝ፣ በዚህ ነገር ውስጥ ሌላ ነገር አለ አልኩ። ከዚያ በኋላ በሩ ተንኳኳብሽ።

ጡብ ቤቱን ላይ ብዬ ቤት ስመጣ ታዲያ ሆስፒታሉን ብቻ ላይ አልመጣሁም።

ገና ስገባ የኔ ክፍል ተቆልፏል። ዕቃ ሞልቶበታል፣ የኔ አልጋ ላይ ተኚ፣ እኔን ቴሌቪዥን ሳይ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል አልሽ። ከመቼ ወዲህ ነው እኛ ቤት በር የሚቆለፈው? አልጋሽን ለመተኛት ስገልጠው አንሶላው ማዕዘን ላይ የታጠፈው በኔ እጥፋት ነው። ግራኝ ስለሆንኩ እጥፋቴ ወደ ግድግዳው እንደሚዞር ታውቂያለሽ፤ ስንቴ ስቀሽብኛል። ባለፈው ስመጣ እኔ ያነጠፍኩት ነው፤ ወራት አልፎታል። በሽተኛ ተኝቶበት እንኳ አንሶላ የምትቀይሪ ሴት፣ የራስሽን ወራት ሙሉ ሳትነኪው! ቴሌቪዥኑስ? ገመዱ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሶኬቱ ላይ የተሰካው ማራገቢያ ነው። ወንበሩ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ሥር ገብቷል። መስኮት ነው እንዴ የምታዪው?

ሾርባው ጨው የለውም። ጨውሽ አልቋል ወይ ስልሽ ምላስሽ ነው የተበላሸ አልሽኝ። ነጠላ ጫማሽ በጎኑ ተቀዷል፤ ያውም መቀደድ ብቻ አይደለም፣ ጠርዙ በስፌት መኪና በጥንቃቄ ተቀምቅሟል። ደረጃ ስንወጣ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብለሽ፣ እዚያች ልብስ ሰፊ ደጃፍ ያለች በርጩማ ላይ ዓረፍ አልሽ። እትዬ መርፌን ሰላም ልበላቸው ብለሽ! መርፌ ብለሽ ስም ያወጣሽላቸው፣ በታጠበ ልብስ ጠብታ ተጣልታችሁ ስንት ዓመት የተኮራረፋችሁት አንቺ ነሽ እኮ። እሳቸውም ከቤት ወጥተው ውሃ አቀበሉሽ። ምን ዓይነት ፍቅር ነው ይሄ ብዬ ሁለታችሁንም ዓይን ዓይናችሁን አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለሽ ተኝተሻል። ሦስት ትራስ ከጀርባሽ፣ መስኮቱ በዚያ ብርድ ወለል ብሎ። በሩ ላይ ቆሜ ደረትሽን እያየሁ ቆጠርኩ። ምን እንደቆጠርኩ ለነርስ አይነገርም።

ጡብ ቤቱ የሄድኩት በዚያ ልቤ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው ግን ኮሪደሩን የሚሞላ ሴት ናቸው። ርክክብ እንዳለቀ በየክፍሉ እየዞሩ ያደረ ሰው ያስሳሉ። አንዱን ሬዚደንት አገኙትና፣ ቆመህ አድረህ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ቤትህ ሂድ አሉት። አንዲት ካርድ ብቻ ልጨርስ ብሎ ሲለማመጥ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጥቀው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ በልቤ፣ ጥሩ ድራማ ነው፣ እንግዳ ስላለ ነው አልኩ። በማግስቱ ጃንጥላ ረስቻለሁ ብዬ ሳይጠሩኝ ተመልሼ ሄድኩ። ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ ተሰክቷል፤ አንዱን ደግሞ በር ላይ አስቁመው ጋዋኑን ያስወልቁታል። የዲዩቲ ክፍላቸው መስኮቱ አይዘጋም፣ ብርድ ልብሱ እሾህ ነው። ብሩሾቹ ግን በሰሌዳው ካሉት ተረኞች ጋር እኩል ናቸው። ይከብዳል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ይከብዳል፤ በአራት ቀን አንዴ ታለቅሺያለሽ፤ ሦስቱን ሌሊት ግን ቤትሽ ነሽ አሉኝ። ያለሳቅ ነው ያሉኝ፤ ለዚህ ነው ያመንኳቸው።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ተመልሼ እጄን ልታጠብ ስገባ ነው ያንቺን ኩባያ ልብ ብዬ ያየሁት። ሁለት የጥርስ ብሩሽ። አንዱ አረንጓዴ፣ ያንቺ። አንዱ ቢጫ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ስጠይቅሽ ያረጀ ነው፣ የመታጠቢያውን ጠርዝ የምፈትግበት ነው አልሽ። ዳሰስኩት፤ ፀጉሩ አዲስ ነው፣ የጥርስ ሳሙና ይሸታል። ሞኝሽን ፈልጊ! ለእግርሽ እንዲሰፋ ነጠላ ጫማውን ስትቀድጂ፣ ክፍል ስትቆልፊ፣ ጨው ስትደብቂ እንደ ባለሙያ ነው የደበቅሽው። ብሩሹን ግን ረሳሽው፤ ያውም ብሩሽ ቁጠሪ ያልሽኝ አንቺ። ወይ ጉድ!

ያኔ ጭንቅላቴ ምን ውስጥ እንደገባ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። መጀመሪያ ክፍሌን አከራየችው አልኩ። ቀጥሎ፣ አፈር ስሆን አትቆጪኝ፣ እንጀራ አባት መጣብኝ አልኩ። ነጩን ያዢ የምትለው ለዚህ ነው፤ እኔን ሩቅ ሰድዳ እዚህ ልትሞሸር ነው! ፎጣ አሸተትኩ፣ ከአልጋ ሥር የወንድ ጫማ ፈለግኩ። ሽቶ እንኳ ቢሸተኝ ደስ ባለኝ። አሁን ሳስበው፣ ምነው የጠረጠርኩት ነገር እውነት በሆነ ኖሮ! እሱን ሰውዬ እጁን ስሜ ነበር የምቀበለው።

ገላሽን ስትታጠቢ ቁልፉን ከስኳሩ ጣሳ ውስጥ አወጣሁት። ሰላሳ ዓመት የምትደብቂውን ሁሉ እዚያው ነው የምታኖሪው። ክፍሌ ውስጥ ዕቃ የለም። አልጋዬ ተነጥፏል፣ ምስማሩ ላይ አበባ አበባ ያለው ሰፊ የሌሊት ልብስ ተሰቅሏል። ትራሴ ላይ ቀይ ክር፣ ብርድ ልብሴ ላይ ሰማያዊ ክር፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ባዶ እግሬን የወጋኝ ሚስማር የሚያህል መርፌ። መልሼ ቆልፌ ወጣሁ። አንቺ ከመታጠቢያ ወጥተሽ ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ጠቁሯል ስትዪኝ ጉዞው ነው አልኩሽ። የዚያን ቀን እኔም ዋሸሁሽ፤ ተቻቻልን።

ዳቦ ልግዛ ብዬ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ። እትዬ መርፌ በራቸውን ከፍተው ይሰፋሉ፤ ከንፈራቸው መሐል ስፒል ነክሰዋል። በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ምን ሆና ነው አላልኳቸውም፤ እንዳስማልሻቸው አውቃለሁ፣ እሳቸው ደግሞ የማሉትን አያፈርሱም። እኔ ያልኳቸው ይሄን ብቻ ነው፦ እትዬ፣ ጡብ ቤቱን ከመረጥኩ ከአራት ሌሊት አንዱን ነው የማልገኘው፤ ተራ እንካፈል።

የምን ተራ ብለው አልጠየቁኝም እማዬ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው የመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰኳቸው፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከዚያ የትኛው ቀን ነው የማትኖሪው አሉኝ።

ዳቦ አልገዛሁም፤ ሱቁ ዝግ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ጆሮ ብቻ አይደለሁም፣ ሐኪም ነኝ! ተናደድኩብሽ፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ለኩርፊያ ጎረቤትሽ ነግረሽ ለልጅሽ ትደብቂያለሽ? ስንት ሰው ደረት ላይ ጆሮዬን ደግፌ የምውል ልጅሽ፣ ያንቺን ከሰው ደጃፍ በርጩማ ላይ ልስማ? ፈራሁም። እዚህ ክሊኒክ በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ስላንቺ ሊነግረኝ የመጣ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሽ ዋርድ ውስጥ ሽማግሌ የምትቆጪው አንቺ አልነበርሽም? የማወራው ስለ ነጩ ሆስፒታል ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

በቃ፣ ልንገርሽ። ትናንት ፈርሜ ልኬዋለሁ። ጡብ ቤቱ ነው።

አሁን ደብዳቤውን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ፣ ለኔ ብላ ዕድሏን አበላሸች ልትዪ ነው። አትበዪ። ስምንት ብሩሽ አይቼ ነው ነጩን የተውኩት፤ አንቺ ዘጠኝ ልጆች ቢኖሩሽና ሁሉም አጠገብሽ ቢሆኑ እንኳ እዚያ አልሄድም ነበር። ይሄ እውነት መሆኑን ራሴንም ጠርጥሬ፣ ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። ትንሽ ውሸት ካለበት እሷን ትንሽ ውሸት ተይልኝ፤ አንቺ ላይ ካለው ቁልል ጋር ስትተያይ ምንም አይደለችም።

የቤታችንን የዲዩቲ ሰሌዳ ሠርቼ ይዣለሁ፤ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፈዋለሁ። ሦስቱን ሌሊት እኔ፣ አራተኛውን እትዬ መርፌ። ቅያሪ በባለ ወንበሯ ፈቃድ አይደረግም፤ አቤቱታም አይሰማም። ከመጣሁ በማግስቱ ደግሞ አብረን ጡብ ቤቱ እንሄዳለን። ሥራ ቦታዬን ላሳይሽ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በተለይ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ያለውን ክፍል ላሳይሽ እፈልጋለሁ። እዚያ ልብ የሚያዳምጡ ሰዎች እንዳሉ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ሊፍቱ ይሠራል፤ ወጥቼ ወርጄ አረጋግጫለሁ። ኃላፊዋንም ጠይቄያቸው ነበር፤ ስምሽን ስጠራ፣ እኔን ተማሪ እያለሁ ወደ ቤቴ ያባረረችኝ ነርስ ናት አሉ። እስክሪብቶ መቀማቱን ከማን እንደተማሩት ያኔ ገባኝ።

እስክመጣ አደራ፣ ደረጃውን ቀስ ብለሽ። በርጩማዋን እንዳታልፊያት። መስኮቱን ክፈቺ፣ ግን ትከሻሽ ላይ ልብስ ጣል አድርጊ። ሾርባውን እንደለመድሽው ጨው አልባ ሥሪው፤ ምላሴ ተስተካክሏል። ፈጣሪ ጠዋት ጠዋት በሰላም ያንቃሽ፣ እኔንም ድምፅሽን የምሰማበት ቤት በደህና ያድርሰኝ። ያሳደገኝ እጅሽ አይድከም፤ ቢደክምም ብቻውን አይድከም።

መታወቂያ ጠያቂዋ ልጅሽ

ልዘጋው ስል ትዝ ያለኝ፦ የጥርስ ብሩሼን ይዤ ነው የምመጣው። ኩባያው ይጠበናል ብለሽ ቢጫውን እንዳታነሺው።